ትጋትና ንቃት፤ ስለ ኮሌጅ ተማሪዎች የሌሊት ጥናት የቀረበ ሒስ

በአማርኛችን ሥራውን የሚወድና የማይሰንፍ ሰው «ትጉህ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከግዕዝ ነው፤ በግዕዝም የመጀመሪያ ትርጉሙ እንቅልፍን ትቶ ነቅቶ መጠበቅ ነው። መላእክት ስለማያንቀላፉ «ትጉሃን» ተብለዋል። እንግዲህ በቋንቋችን ውስጥ ሥራ መውደድና አለመተኛት ከጥንት ጀምሮ በአንድ ቃል የሚያድሩ ሁለት ሐሳቦች ናቸው ማለት ነው። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ካህን፥ ሰብሉን ከአውሬ ሲጠብቅ የሚያድር ገበሬ፥ የታመመ ልጇን ስታስታምም የምታድር እናት ሁሉ በዚህ ቃል ይመሰገናሉ፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል።

የኮሌጅ ተማሪም ይህን ምስጋና ወርሷል። በፈተና ሳምንት ጧት በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛህ?» የተባለ ተማሪ «ኧረ ምን እንቅልፍ አለ!» ብሎ ሲመልስ፥ ዓይኑ ቢቀላም በድምፁ ውስጥ ኩራት ይሰማል። «በአራት ሰዓት ተኛሁ» ያለው ግን ሰነፍ እንዳይባል ምክንያት ለመስጠት ይቸኩላል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የምንፈልገው ይህንኑ ኩራት ነው። እኛም ከልማዱ ውጭ ቆመን የምንፈርድ አይደለንም፤ የኮራንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥያቄያችንም ተማሪ በሌሊት ያጥና ወይስ አያጥና የሚል አይደለም። ሌሊቱን በምን ዓይነት ሥራ እናሳልፈዋለን፥ ሥራውስ የደከምንበትን ያህል ፍሬ ይሰጣል ወይ የሚል ነው።

የልማዱን መልክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ለመመርመር እንዲመች በአጭሩ እንግለጸው። መንፈቀ ዓመቱ ሲጀመር ደብተሩ ንጹሕ፥ ልቡም ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት መምህሩ ይናገራሉ፥ ተማሪው ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን መልሶ አያየውም። የፈተናው ፕሮግራም ከተለጠፈ ወዲያ የመንፈቁ ትምህርት ሁሉ በአራትና በአምስት ሌሊት ውስጥ ተጠቅጥቆ እንዲገባ ይፈረድበታል። ያን ጊዜ ሻይ በፔርሙዝ ይያዛል፥ ቡና ይፈላል፥ አንዳንዱም ጫቱን ይቋጥራል። ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ ማጥኛ ክፍል የሚወርዱት ሰዎች ቍጥርም ከሌሊት ወደ ሌሊት ይጨምራል። በየጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ፥ በቀለም ማስመር፥ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ነው።

ባለፈው ዓመት ሦስት ጓደኞች ሆነን ለአንድ ፈተና እንዲህ አድርገን ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳንተኛ ሐንዳውቱን ሦስት ጊዜ ዘለቅነው። ወደ ፈተናው አዳራሽ ስንገባ ያልነካነው ነገር ያለ አልመሰለንም። ከጥያቄዎቹ አንዱን ባነበብን ጊዜ ግን እንግዳ ነገር ደረሰብን። መልሱ በገጹ በግራ በኩል፥ ከሠንጠረዡ በታች እንደነበረ ታወሰን፤ ያሰመርንበት ቀለም እንኳ በዓይናችን ላይ መጣ፤ መልሱ ራሱ ግን ጠፋን። ከፈተናው በኋላ ስንነጋገር ለካስ ሦስታችንም ያን ገጽ እንጂ መልሱን አላገኘነውም ኖሯል። ዓይናችን ገጹን ለምዶት ነበር፤ አፋችን ግን ነገሩን አንድ ጊዜ እንኳ ተናግሮት አያውቅም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ጧት ነው።

ነገሩ የእኛ ስንፍና ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አንድ የታወቀ ጥናት እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለኮሌጅ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጥተው አስጠኑ። አንደኛው ቡድን በአራት የጥናት ጊዜ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ጊዜ ካነበበ በኋላ በቀሩት ሦስት ጊዜያት ወረቀቱ ተወስዶበት የሚያስታውሰውን ሁሉ ከራሱ አውጥቶ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ከጽሑፉ ከመቶ 40 ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ፥ ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት ከመቶ 61 ያህሉን አስታወሱ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው የሁለተኛው ቡድን ድል ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቡድን የአምስት ደቂቃ ድልም ነው። የሌሊት ንባብ ለዘመናት ሲያታልለን የኖረው ጨርሶ የማይጠቅም ስለሆነ አይደለም፤ ለነገ ጧት ጥቂት ስለሚጠቅም ነው። ሌሊቱን ያነበብነው ነገር ጧት ትኩስ ነው፤ ጥቂቱን በወረቀቱ ላይ አፍስሰን እንወጣለን፤ ማለፊያም እናገኛለን። ስለዚህ በሚቀጥለው መንፈቅ ያንኑ እንደግማለን። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ትጥቁ ሲታጠቁት የጠበቀ ይመስላል፤ የሚፈታው በኋላ ነው።

ትጥቁ የሚፈታበት ቀን ደግሞ በዘመናችን ቀርቧል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በትምህርቱ ማብቂያ ላይ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ለማለፍም ከመቶ 50 ማግኘት አለበት። ፈተናው የሚጠይቀው በመጨረሻው ዓመት የተማሩትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተማሩትንም ጭምር ነው። በአንድ ሌሊት ገብቶ በአንድ ጧት የወጣ ትምህርት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ማን ይመልስለታል? ለአራት ዓመት ያህል ወላጆቹ ከጎደለው ቤታቸው ቀንሰው እየላኩለት የተማረ ልጅ በመጨረሻው በር ላይ ሲቆም፥ ያሳለፋቸው የንቃት ሌሊቶች ምንም ምስክርነት አይሰጡለትም። ስለዚህ ይህ የቀልድ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ጥንታዊ ትምህርት ቤት መለስ እንበል። ብዙ ጊዜ የሌሊት ጥናት ሲመሰገን የቆሎ ተማሪው ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ «እነሱ በብርድ፥ በደበሎ፥ በረኃብ ሌት ተቀን አጥንተው ሊቅ ሆኑ፤ እናንተ በመብራት ሥር ታንቀላፋላችሁ» እንባላለን። ተግሣጹን በአክብሮት እንቀበላለን። ግን ያ ተማሪ በሌሊት ያደርግ የነበረው ነገር ምን ነበር? እንደሚታወቀው በንባብ ቤት የመጽሐፉ ንባብ የሚጠናው በቀን ብርሃን ነው፤ ከመሸ በኋላ የሚጠናው የቃል ትምህርት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በጨለማ ፊደል አይታይም፥ ለሁሉ የሚበቃ መብራትም አልነበረም። ስለዚህ የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ይናገራል፥ ታናሹ ይቀበላል፤ ከዚያም ያለ መጽሐፍ ከራሱ አውጥቶ ይመልሳል። ሲሳሳት ይታረማል፤ እንደገና ይላል። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ነው። ብቻውን ሆኖ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል፤ መምህሩም ቃሉን፥ ሰሙንና ወርቁን እየመረመሩ ያርሙታል።

እንግዲህ የቆሎ ተማሪው ሌሊትና የእኛ ሌሊት በስም እንጂ በሥራ አንድ አይደሉም። የእሱ ሌሊት የሚያየው ገጽ ስለሌለው ከልቡ አውጥቶ ለመናገር ይገደድ ነበር። የእኛ ሌሊት ብርሃን ስለሞላበት ለመናገር የሚያስገድደን ነገር የለም፤ መልሱ ሁልጊዜ ከዓይናችን ሥር ነው። እሱ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ይጠይቅና ይጠየቅ ነበር፤ እኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀምጠን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን። ጨለማ ለእሱ መምህር ሆኖለታል፤ የሮዲገርና የካርፒክን ሁለተኛ ቡድን ሥራ ጎጆው ውስጥ ሲሠራው ኖሯል።

ይህን ስንል የጥንቱን ትምህርት ቤት ያለ ነቀፋ ልናቀርበው አንፈልግም። በዚያ ትምህርት ቤት አለንጋ ነበረ፤ ከረኃብና ከበሽታ የተነሣ ብዙ ሕፃናት ትምህርታቸውን አቋርጠዋል፤ ጀማሪው ተማሪም የሚደግመውን የግዕዝ ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ለብዙ ጊዜ ይደግም ነበር። የእኛ ትምህርት ደግሞ ቃል በቃል በመያዝ ብቻ አያልቅም፤ ሒሳቡ መሠራት፥ ምክንያቱ መመርመር፥ ሐሳቡ መከራከሪያ መሆን አለበት። ስለዚህ ይዘቱን እንውረስ አንልም። የምንለው፥ ከአባቶቻችን የወረስነው እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ሆኖ ጥያቄና መልሱን ትተነዋል ነው። ፍሬውን ጥለን ገለባውን ተሸክመናል።

በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ላይም የሚታየው ይኸው ስሕተት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ከአክሱም ሲሸሽ፥ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅና በመጨረሻ የምትደርስ ትል አይቶ እንደተመለሰ ይተረካል። ይህ ትረካ ስለ ትዕግሥት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ «እንቅልፍህን ትተህ አጥና» የሚል ምክር ይከተለዋል። ነገር ግን በትረካው ውስጥ ስለ እንቅልፍ የተባለ ነገር የለም። ትሏ ዛፉን ከሥር ሆና ስትመለከት አላደረችም፤ ሞከረች፥ ወደቀች፥ እንደገና ሞከረች። በጥናት ላይ መውደቅ ማለት መጽሐፉን ዘግቶ ራስን ጠይቆ መልሱን ማጣት ነው። እኛ በሌሊት ጥናታችን አንወድቅም፤ ምክንያቱም አንሞክርም። የምንወድቀው በፈተናው ቀን ነው።

«እንግዲያውስ ሌሊቱን ሙሉ እየተጠያየቅን እንደር» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ለዚህም መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠንተው፥ አንዳንድ ጊዜ ወዲያው እንዲተኙ፥ አንዳንድ ጊዜም ነቅተው የቀን ሥራቸውን እንዲሠሩ አደረጉ። ከተመሳሳይ ሰዓት በኋላ ሲጠየቁ ተኝተው የተነሡበት ጊዜ ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ቃል አስታወሱ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶችም እንቅልፍ በቀን የገባውን ትምህርት በአእምሮ ውስጥ እንደሚያጸና አሳይተዋል። ስለዚህ አጥንቶ የማይተኛ ተማሪ ዘርቶ አፈር እንዳላለበሰ ገበሬ ነው፤ ዘሩን ወፍ ይለቅመዋል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች ብቻ የተኙ ሰዎች የንቃት ፈተና ሲሰጣቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ደክመው ተገኙ። የሚያሳዝነው ግን ሰዎቹ መድከማቸውን በሚገባ አላወቁትም፤ የለመዱት መስሏቸው ነበር። «እኔ አራት ሰዓት ብተኛ ይበቃኛል» የሚለው ጓደኛችን ውሸታም አይደለም፤ የሚመሰክርለት አእምሮ ግን ራሱ ያንቀላፋ ምስክር ነው።

ስለ ቡናና ስለ ጫትም አንድ ቃል እንበል። ድካም በአእምሯችን ውስጥ የሚሰማን አዴኖሲን የሚባል ነገር ቀኑን ሙሉ እየተጠራቀመ ሲሄድ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል እንጂ አያጠፋውም፤ ዕዳው ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም ብዙ ካፌይን ከመኝታ በፊት ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ እንኳ ቢወሰድ ከእንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጫቱ ነገር ከዚህ ይከፋል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ልብን አስሩጦ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። በዚያ ስሜት ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ነገር የገባው ይመስለዋል። መግባቱን የሚያውቀው ግን ደብተሩን ዘግቶ ሲጠየቅ ነው፤ በዚያን ሰዓት የሚጠይቀው የለም።

እስካሁን በወንድሞቻችንና በራሳችን ላይ ተናገርን። ፍትሕ እንዳይጓደል ግን ሌላውን ወገንም መመልከት አለብን። ሌሊት የሚያጠና ሁሉ ቀኑን በከንቱ ያሳለፈ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስትና ስምንት ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች ጸጥታ የሚያገኙት ሌላው ሲተኛ ነው። በቀን መብራት ሲጠፋ፥ በቤተ መጻሕፍት ወንበር ሲታጣ፥ ያለው አማራጭ ሌሊት ነው። ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ እኅቶቻችን እራት ሠርተው፥ ዕቃ አጥበው፥ ታናናሾቻቸውን አስተኝተው ደብተር የሚከፍቱት ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። ለእነዚህ ሰዎች «በጊዜ ተኙ» ብሎ መምከር ችግራቸውን አለማወቅ ነው። የምንነቅፈው ኩራቱን እንጂ ግዴታውን አይደለም።

ለተከበሩ መምህራኖቻችንም በትሕትና የምናቀርበው ቃል አለ። የተማሪውን ሌሊት የሚሠራው በከፊል የፈተናው አደራረግ ነው። ትልቁ ነጥብ በመጨረሻው ሳምንት ላይ ከተከመረ፥ አራት ፈተናም በአራት ተከታታይ ቀን ከተደረደረ፥ ተማሪው ሥራውን ወደዚያው ሳምንት ቢያጠራቅመው አያስደንቅም። ጥያቄውም በሐንዳውቱ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ የሚፈልግ ከሆነ ሽምደዳን የሚያስተምረው ራሱ ፈተናው ነው። በየሳምንቱ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ተወስዶ ያለፈው ሳምንት ትምህርት በሦስትና በአራት ጥያቄ ቢጠየቅ፥ ለማረም ከባድ ያልሆነ፥ ነጥቡም አነስተኛ የሆነ ፈተና ይሆናል። ጥቅሙ ግን የኔታ በየምሽቱ ያደርጉት የነበረውን ጥያቄ ወደ ኮሌጅ መመለሱ ነው።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ የመምህራኑን ውሳኔ ሳንጠብቅ ልንጀምረው የምንችለው ነገር አለ። አንደኛ፥ ማታ አዲስ ትምህርት ከመጀመር ይልቅ የቀኑን ትምህርት ደብተር ዘግቶ መጠያየቅ ነው። ሁለተኛ፥ ያቃተንን ብቻ ምልክት አድርገን ደብተሩን ለዚያ ብቻ መክፈት ነው። ሦስተኛ፥ ያንኑ ጥያቄ ከሦስት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና መጠየቅ ነው። አራተኛ፥ የምንተኛበትን ሰዓት አስቀድመን ወስነን መጠበቅ ነው። ሦስታችን ከዚያ ፈተና በኋላ በነበረው መንፈቅ ይህን ሞክረነዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል እንጠያየቅና በአምስት ሰዓት እንተኛ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ የሚሉ አልነበሩም፤ ሲያነቡ ዐዋቂ የነበረ ሰው ሲጠየቅ ዲዳ ሆኖ መገኘቱ ያሳፍራል። ከመካከላችንም አንዱ «ይህ ጥናት ሳይሆን መዋረድ ነው» ብሎ ሁለት ቀን ቀርቶብን ነበር። ውጤታችን እንደ ተአምር አልተለወጠም፤ ለአንዱ ፈተና እንዲያውም ልማዳችን ተመልሶብን አድረናል። ነገር ግን በመጋቢት የተጠያየቅነውን በሰኔ ስንጠየቅ መመለስ ችለናል፤ ይህ ቀድሞ ያልነበረን ነገር ነው።

በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደወል ይደወልና መብራቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋ ነበር። ያን ደወል እንጠላው ነበር፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን በባትሪ መብራት ያነበብንበትም ቀን አለ። አንድ ጊዜ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ከጎናችን የተኛው ልጅ «እስቲ የዛሬውን ጠይቀኝ» ብሎ በሹክሹክታ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምሽት እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ ስንጠያየቅ ቆየን። ያን ጊዜ ጥናት መሆኑን አላወቅነውም ነበር። እነሆ፥ በኮሌጅ ደወል የሚደውልልን የለም፤ መብራቱንም የሚያጠፋው የለም። ደወሉን መደወል የእያንዳንዳችን ፈንታ ሆኗል። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ለመታረም ዝግጁዎች ነን፤ መታረምም የጥናት ክፍል መሆኑን ከላይ ተናግረናልና።